ደምሴ ያልበላው ቅቤ

አሁን አሁን ፒያሳ ውስጥ ጉበቱ ስብ አልያዘም የሚባል ሰው ጠፍቷል። ጎረቤቴ ሆዴን ቆረጠኝ ብላ አልትራሳውንድ ትነሳና "ጉበቴ ስብ ይዟል አሉኝ" ብላ ትመጣለች። የእህቴ ልጅ ለሥራ ቅጥር የጤና ምርመራ ሄዶ ያንኑ ይዞ ይመለሳል። በቀደም ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ጎልማሶቹ "እኔ አንደኛ ደረጃ ነኝ"፣ "እኔስ ሁለተኛ" እየተባባሉ ሲፎካከሩ ሰምቼ ሳቄ መጣ፤ ለቅሶ ቤት ነውና ነጠላዬን አፌ ላይ አደረግሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ላቦራቶሪ እንደሠራሁ የሚያውቁት ታዲያ "ፀሐይ፣ አንቺ ምን ትያለሽ?" ይሉኛል። እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ ማን ያስቆመኛል።

የዛሬው ስብ የጥጋብ ነው፤ አብዛኛው ከመብላትና ከመቀመጥ የመጣ ነው። በእኔ ጊዜ ጉበቱ ስብ የሞላበት ሰው ሲገኝ ግን ሐኪሞቹ ቶሎ የሚያስቡት አንድ ነገር ነበር፤ ይጠጣል። ስለዚህ ስለ ጉበት ስብ ስጠየቅ ትዝ የሚለኝ ደምሴ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ ነው። የእሱን ነገር ሳልናገር የሥራ ዘመኔን ልናገር ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ተወልጄ ያደግሁት አራዳ ነው። የላቦራቶሪ ትምህርት ጨርሼ ስቀጠር ለውጡ ገና ትኩስ ነበር፤ ግድግዳው ሁሉ መፈክር፣ ከሰዓቱ ሁሉ ስብሰባ። ሆስፒታሉ ከፒያሳ ብዙም አይርቅም፤ ስሙን ልተወው። መጀመሪያ የተመደብኩት ሰገራ ክፍል ነው። እናቴ ለጎረቤት "ልጄ ሆስፒታል ገብታለች" ትላለች እንጂ ውስጥ ገብቼ ምን እንደምሠራ ትንፍሽ አትልም። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለጫማ ይበቃ ነበር፤ ስለሱ ይኸው ይበቃዋል። በኋላ አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ላኩኝና በኩራዝና በወባ መሃል ከርሜ ተመለስኩ። ከዚያ ከሰው አካል የተቆረጠ ቅንጣት ሥጋ የሚመረመርበት ክፍል ገብቼ ጡረታ እስክወጣ አልወጣሁም። አለቆች ሲቀያየሩ አይቻለሁ። አንዱ ካድሬ ማይክሮስኮፑ ፊት ቆሞ ስለ ምርት ዕድገት አስተምሮናል። የምናመርተው ምን እንደሆነ ሲጠይቅ ሁላችንም መሬት መሬት አየን።

ሥራ ያስተማሩኝ ጋሽ ሥዩም ናቸው፣ የላቦራቶሪው ኃላፊ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከአምስት ኪሎ በእግራቸው የሚመጡ ሰው። ጠዋት ጠዋት ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ባንኮኒው ጋ ቆመው ማኪያቶ ይጠጣሉ፤ ስኳር ከገበያ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ሲያማርር እሳቸው "አሁን ገና ቡናው ተሰማኝ" አሉ። የማይክሮስኮፑን መነጽር የሚያጸዱበት ጨርቅ ከገዛ ሸሚዛቸው የተቀደደ ነው። ብዙ ጊዜ ታጥቦ የሳሳ ጨርቅ መነጽር አይጭርም ይሉ ነበር። መብራት ሲጠፋ ማይክሮስኮፑን ተሸክመው መስኮት ጋ ይሄዱና ከሥሩ ባለችው መስታወት የፀሐይ ብርሃን ይለቅማሉ። አንድ ነገር አይተሽ ወዲያው ስሙን ከጠራሽላቸው አይወዱም። "መጀመሪያ ምን እንዳየሽ ንገሪኝ፣ ስሙ ይደርሳል" ይሉኛል። አሁንም ገበያ ውስጥ ቲማቲም ስመርጥ ድምፃቸው ይመጣብኛል።

ስብ ማየት የራሱ ጥበብ አለው። ሰገራ ውስጥ ከሆነ ቀላል ነው፤ ስላይዱ ላይ ትንሽ ትቀቢና ሱዳን የሚባለውን ቀይ ቀለም ጠብ አድርገሽ ታሞቂዋለሽ። አንጀት ሳይቀበለው ያለፈ ስብ ካለ ብርቱካንማ ኳስ ኳስ እየሆነ ይታያል። ነገር ግን ሰውየው አስቀድሞ ለጥቂት ቀናት ስብ መብላት አለበት፤ ያልገባ ነገር አይወጣም። ከጉበት በመርፌ የተወሰደ ሥጋ ደግሞ ሌላ ነው። በአልኮል አድርቀን ሰም ውስጥ እንተክለዋለን፣ ከዚያ ከሽንኩርት ልጣጭ አሳስተን እንቆርጠዋለን። ታዲያ በዚያ ሁሉ መድኃኒት ሲያልፍ ስቡ ሟሙቶ ይሄዳል፤ የምናየው ስቡን ሳይሆን የነበረበትን ክብ ክብ ባዶ ቦታ ነው። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ሥጋውን ያበላሸሁት መስሎኝ ደነገጥኩ። ጋሽ ሥዩም ሳቁና "ተከራዩ ወጥቶ ነው፣ ቤቱ ይኸው" አሉኝ።

ደምሴ የመጣው ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ያለ ዳቦ ቤት ውስጥ ጋጋሪ ነበር። ጎልማሳ ሆኖ ሳለ ቆዳውና አጥንቱ ብቻ ቀርቷል፤ እግሩ አብጧል፣ ጉበቱ ከጎድን አጥንቱ በታች ወርዶ በእጅ ይዳሰሳል። ተቅማጡ እየተመላለሰ ዓመታት አስቆጥሮበታል። የተኛበት ክፍል ሐኪም ሁለት ነገር ጠረጠረ፤ ወይ አንጀቱ ስብ አይቀበልም፣ ወይ መጠጥ ነው። ጥሩ ሐኪም ነበር፤ አስቦ ነው የሠራው። ለጥቂት ቀናት ዳቦ በቅቤና እንቁላል ይብላና ሰገራው ይታይ ብሎ አዘዘ። ደምሴም "እሺ ጌታዬ" አለ።

ሰገራውን እኔ አየሁት፣ ጋሽ ሥዩምም ደገሙት። አንዲት ብርቱካንማ ጠብታ የለም። ከጉበቱ በመርፌ የተወሰደችው ሥጋ ደግሞ ዙሪያዋን ባዶ ክብ ብቻ ነበረች፤ ስብ ሞልቷታል። ሐኪሙ ሁለቱን ውጤት ጎን ለጎን አስቀመጠ። አንጀቱ ደህና ነው፣ ጉበቱ ስብ ይዟል። ስለዚህ መጠጥ ነው።

"ስንት ዓመት ጠጣህ?" ብሎ ጠየቀው።

"ጠላ እንኳ አልቀምስም ጌታዬ።"

"ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው" አለና መጠጥ እንዲያቆም፣ ሆዱን የማይከብድ ዳቦና ማካሮኒ እንዲበላ መክሮ አሰናበተው። ወንድሙ ታደሰ ሊወስደው መጥቶ ነበርና ምክሩን ቆሞ ሰማ። ነገሩ በዚህ አለፈ፤ ፋሲካም ሆነ።

ከፋሲካ በኋላ ነው ከድር ወደ ላቦራቶሪያችን የመጣው። ከድር ከደምሴ ጎን ያለው አልጋ ላይ ተኝቶ የነበረ የመርካቶ ነጋዴ ነው፤ ጉራጌ፣ ሙስሊም፣ ጨዋታ አዋቂ። ለክትትል መጥቶ ደሙን ልቀዳ ክንዱን ሳስር፣ "ሆስፒታል ያወፍራል ሲሉ አላምንም ነበር" አለኝ። "ያ ጎረቤቴ፣ ያ ዳቦ ጋጋሪው፣ አላህ ያሽረውና ቅቤና እንቁላሉን ለእኔ ነበር የሚሰጠኝ። ቅቤውን በማንኪያ ፍቆ ፍቆ ለእኔ፣ ደረቅ ዳቦውን ለራሱ።"

ጋሽ ሥዩም ከጀርባዬ ስላይድ እያጠቡ ነበር። ውሃውን ዘጉት።

"ለምን?" አሉት።

"ሕማማት ነዋ ጋሼ። ዘይት እንኳ አይነካም ነበር። 'ታዲያ ለሐኪሙ ንገረው' ስለው 'እንዴት ብዬ፣ ሰውየው ለእኔ ብሎ ያዘዘውን' አለኝ። ይሉኝታ ያዘው።"

ከድር ደሙን ሰጥቶ ወጣ። ሕማማት መሆኑን ማን አጣው? ያንን ሳምንት እኔ ራሴ ቆሎ እየቆረጠምኩ ነው የሠራሁት፤ ጋሽ ሥዩም ማኪያቶአቸውን ትተው ነበር። ነርሶቹ ይጾማሉ፣ ሐኪሙም ቤተ ክርስቲያን ሰግዶ የሚመጣ ሰው ነው። በሽተኛ ጾም የለበትም ብለን ሁላችንም እናውቃለን፤ አውቀንም እሱም ያውቃል አልን። ቤቱ ሙሉ ጿሚ ሆኖ አንድ ጿሚ ቅቤ በልቷል ብሎ አመነ።

ጋሽ ሥዩም ጋዋናቸውን አውልቀው "ተነሺ፣ እንሂድ" አሉኝ። መልሰን እንፈትነዋለን ብለን በፒያሳ ቁልቁል ወረድን። ዳቦ ቤቱ ስንደርስ የጋጋሪዎቹ አለቃ ዱቄት በነካው እጁ ግንባሩን ጠርጎ "ደምሴን? ባለፈው ሳምንት ቀበርነው" አለን። አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ባንኮኒው ኋላ ቆማለች። ሚስቱ አስካለ ናት፤ ልጇ እንዳትራብ ብሎ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ዳቦ ሻጭ አድርጎ የቀጠራት በዚያው ሰሞን ነው። ጋሽ ሥዩም ከሆስፒታል መሆናችንን ሲነግሯት ፊቷ ተዘጋ።

"ሆስፒታሉ ያለውን ሰምተናል" አለች። "ታደሰ ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ባለበት ተናገረው። አረቄ ገደለው አለ። እኔ ከጎኑ የተኛሁት አላውቅም፣ እናንተ ታውቃላችሁ።"

ቅቤውን ስላልበላ ምርመራው ዋጋ የለውም ልንላት እንችላለን እንጂ ምን እንደገደለው አናውቅም። ጋሽ ሥዩም የሚችሉትን ያህል አስረዷት፤ ሰማች፣ ግን ሐዘን ላይ ያለ ሰው ጆሮ የት አለው። ሐኪሙም ወዲያው ወደ ጦር ግንባር ሆስፒታል ተዛውሮ ነበርና ተጽፎ የነበረው እንደተጻፈ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ሥዩም የስብ ምርመራ ሲታዘዝ ደረጃውን ወጥተው በሽተኛው አልጋ ጫፍ ላይ ሳይቀመጡ ማይክሮስኮፕ አይነኩም። የሚጠይቁት አንድ ነው፤ "ምን በላህ? ዛሬ፣ ትናንት፣ ከትናንት ወዲያ? እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣህም።" አዳዲሶቹ ሠራተኞች እንግዳ ነገር ሆኖባቸው ይንሾካሾኩ ነበር። እኔ ግን ያንን ጥያቄ ስሰማ ደስ ይለኛል።

ዓመታት አለፉ። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ጋሽ ሥዩምም ለጡረታ ሲቃረቡ፣ አንዲት ተማሪ ሆስፒታል ገባች። ሰብለ ትባላለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ክፍል ውስጥ ወድቃ ነው የመጣችው። ቀጭን፣ ፊቷ የነጣ፣ ሆዷ የተነፋ፣ ጉበቷ ያበጠ። ሐኪሟ ዶክተር ኤልያስ ውጭ አገር ተምሮ በቅርቡ የተመለሰ ወጣት ነው። እንዲህ ያለች ልጅ ላይ መጠጥ አልጠረጠረም፤ አንጀቷን እንድናይለት አዘዘ። እኔና ጋሽ ሥዩም ወደተኛችበት ክፍል ወጣን።

"ምን ትበያለሽ ልጄ?" አሏት።

"ዳቦ" አለች። "እናቴ ዳቦ ቤት ነው የምትሠራው። ጤፉ በቀበሌ ወረፋ ነው፣ ዳቦ ግን ቤታችን አይጠፋም።"

ይህንን ስትል እናትየዋ ምሳ ይዛ ገባች። አስካለ ነበረች። ፀጉሯ ሸብቷል እንጂ አወቅኋት፤ እሷም ጋሽ ሥዩምን አወቀቻቸው። ምሳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ የልጇን እግር ጨበጠች። "እንዳባቷ ነው የጀመራት" አለች። "ይህችንም ጠጪ ናት ልትሉኝ ነው?"

ሰብለ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። "እማዬ፣ ስለሱ አታንሺ" አለች። አጎቷ ታደሰ ነው ትምህርት ቤት የሚከፍልላት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ስለ አባቷ የሰማችው የእሱን ነው። ሰፈር ውስጥ "የሰካራሙ ልጅ" ሲሏት አድጋለች። ሞትን ከምትፈራው በላይ በአባቷ ታፍራለች።

ጋሽ ሥዩም የአባቷን ነገር ከቅቤው ጀምሮ ለዶክተር ኤልያስ ነገሩት። ዶክተሩ ሳያቋርጥ ሰማ። "አባትም ልጅም" አለ፣ "ጋጋሪና የጋጋሪ ልጅ።" ከዚያ ውጭ አገር የተማረውን አንድ በሽታ ነገረን። አንዳንድ ሰው ከተወለደ ጀምሮ ስንዴና ገብስ አይስማማውም፤ አንጀቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። በዘር ይሄዳል። ጤፍ ግን አይጎዳውም። ሰምቼው የማላውቀው ነገር ነበር። "ግን ጥርጣሬ ነው" አለ፣ "ማየት አለብን።"

መጀመሪያ ስቡ። እንዳጋጣሚ የገና ጾም ገብቷል። ጋሽ ሥዩም በዚህ ጊዜ ማንንም አላመኑም። አስካለን ወደ ንስሐ አባቷ ላኳት፤ ቄሱ "መድኃኒት ነው፣ ትብላ" ብለው ፈቀዱ፤ ይህም አልበቃ ብሏቸው ጋሽ ሥዩም ቁርስና እራት ላይ አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ይሉና ቅቤውን እስክትውጥ ያያሉ። "ጋሼ፣ አፌንም ልክፈትልዎት?" ትላቸዋለች። "ክፈቺ" ይሏታል። ናሙናው ሲመጣ ቀለሙን ያንጠባጠብኩት እኔ ነኝ። ዐይኔን መነጽሩ ላይ ሳደርግ ከዳር እዳር ብርቱካንማ ነበር። የበላችው ቅቤ አንጀቷን እንደ እንግዳ አልፎት ወጥቷል።

ቀጥሎ ከአንጀቷ ቅንጣት ሥጋ መውሰድ ነበረብን። ዶክተር ኤልያስ ከውጭ ይዟት የመጣ ትንሽ የብረት እንክብል ነበረችው፤ በቀጭን ቱቦ ጫፍ ታስራ ትዋጣለች፣ በራጅ እየታየች አንጀት ስትደርስ ከላይ አየር ሲሳብ በውስጧ ያለች ስለት የሩዝ ፍሬ የምታህል ሥጋ ትቆርጣለች። ያቺን ፍሬ ለእኔ ሰጡኝ። የአንጀት ሥጋ በጎኑ ከተኛና ከተቆረጠ ደህናውም የታመመ ይመስላል፤ ስለዚህ በአጉሊ መነጽር እያየሁ ፊቱን ወደ ላይ አድርጌ ወረቀት ላይ አስተኛሁት፣ ሰሙም ውስጥ ሲገባ እንዳይገለበጥ ትንፋሼን ይዤ አቆምኩት። ደህና አንጀት ፊቱ እንደ አዲስ ፎጣ ነው፣ ጭራ ጭራ አለው፤ ምግብ የሚገባው በዚያ ነው። የሰብለ ግን ጭራው አልቆ ለጥ ብሏል።

ምን እንዳየሁ ለጋሽ ሥዩም ነገርኳቸው። "አሁን ስሙን ጥሪው" አሉኝ። ዶክተር ኤልያስ የጠረጠረው ያው የስንዴ በሽታ ነበር።

ዶክተር ኤልያስን አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ በዚህ በሽታ አንጀት ስብ የማይቀበል ከሆነ ደምሴ ጉበት ውስጥ ያየነው ስብ ከየት መጣ? እንዲህ ብሎ አስረዳኝ። ምግብ ሳይገባ ሲቀር ሰውነት በረሃብ ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ እያነሳ ወደ ጉበት ይልካል። ጉበት ስቡን ጠቅልሎ መልሶ ለመላክ ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ እሱም ከአንጀት አልገባም። ስለዚህ ዕቃው መጋዘን ይገባል፣ የሚጭነው መኪና ግን አይመጣም። "በጉበት የምናየው ብዙ ነገር ከአንጀት የሚጀምር ነው፤ ገና ብዙ ያልተጠናም አለ" አለኝ። ከዚያ ከእንጨት ሳጥናችን የደምሴን የጉበት ስላይድ አውጥተን ሰጠነው፤ ጋሽ ሥዩም ስላይድ አይጥሉም ነበር። ረጅም ሰዓት አየው። ስቡ አለ፣ መጠጥ ጉበት ላይ የሚተወው ሌላው ጉዳት ግን የለም። "ሐኪም ነኝና የሞተ ሰው ላይ አልምልም፤ ለእኔ ግን ይህ ሰው ጠጪ አይደለም" አለ።

ስንዴና ገብስ ለሰብለ ተከለከለ። ከሁሉ የከበደው እሱ ነበር። ጤፍ ውድ ነው፣ በወረፋ የተገኘውም ይቀላቀላል፤ ወፍጮ ቤቱ ራሱ ስንዴ የፈጨበት ነው። አስካለ ጤፏን ለብቻዋ ለቅማ፣ ወፍጮው ቀድሞ በጤፍ እንዲታጠብ ባለወፍጮውን ስትለምን፣ ሰፈሩ "አበደች" አላት። የዳቦ ቤቱ ጋጋሪዎች ከየራሽናቸው ጤፍ ሲያዋጡላት ከድርም ሰምቶ ከመርካቶ ላከ፤ "የቅቤውን ዕዳ ልክፈል" ብሎ። ክረምት ሳይገባ የሰብለ ጉንጭ ሞላ። ተቅማጡ ቆመ፣ ጉበቷ ወደ ቦታው ተመለሰ። ናሙናዋን ስቀባ ብርቱካንማው ከየስላይዱ እየጠፋ ሲሄድ እንደ ልጅ እደሰት ነበር። ፈተናዋንም ወስዳ ስድስት ኪሎ ገባች።

መጨረሻ ቀጠሮዋ ዕለት ላቦራቶሪ መጣችና አንጀቷን ላሳያት ጠየቀችኝ። አየች። ከዚያ ጋሽ ሥዩም የአባቷን ስላይድ አምጥተው አስቀመጡላትና ሁሉን ነገሯት፤ ሕማማቱን፣ የተፋቀውን ቅቤ፣ "ጠላ እንኳ አልቀምስም" ያለውንና ማንም እንዳላመነው። ዐይኗን ከመነጽሩ ላይ አነሳች።

"እማዬን አላመንኳትም" አለች። "ስንቴ ነገረችኝ፤ ላጽናናሽ ብላ ነው የመሰለኝ።" ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች። "ለእሷ እናንተ ንገሯት።"

በዚያው ቀን ከሰዓት ሦስታችንም ዳቦ ቤት ሄድን። የዳቦ ሰዓት ነበር። ሰልፉ ከባንኮኒው ተነስቶ በሩን አልፎ አስፋልቱ ድረስ ተዘርግቷል፤ የሰፈሩ ሰው፣ የዕድር ሴቶች፣ ዘንቢል የያዙ ሽማግሌዎች። ጋሽ ሥዩም ይቅርታ እየጠየቁ ወደ ፊት አለፉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ወይዘሮ አስካለ" አሏት። "ባልዎ ጠጪ አልነበረም። ያመመው አንጀቱ ነው። የተሳሳትነው እኛ ነን።"

አስካለ ዳቦ በእጇ እንደያዘች ቆመች። ልጇን አየቻት፣ ሰብለ "አዎ" በሚል ራሷን ነቀነቀች። አስካለ ዳቦውን አስቀመጠች፣ እጇን ሽርጧ ላይ ጠረገች፣ ከዚያ ሰልፉን እስከ በሩ ድረስ በዐይኗ ተከተለችው።

"ጮክ ብለው ይበሉት ጋሼ" አለች። "ውጭ ያሉት አልሰሙም።"

ጋሽ ሥዩም ወደ በሩ ዞሩና ጮክ ብለው ደገሙት።